ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሙያ የቀመሱት የወይዘሮ ልሞክረው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ልሞክረው ከዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት በፊት፣ ዝናብ አላባራ ባለበት አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና የተማሪ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው ረጅም ግቢ ውስጥ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ናቸው። እናታቸው «የመሐል ልጅ እንደ መሐል ጣት ነው፤ ይረዝማል እንጂ ቀለበት አይደርሰውም» ይሉ ነበር። እውነትም ወይዘሮ ልሞክረው ረዘሙ፤ ልብስ ግን እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ድረስ የለበሱት የታላቅ እህታቸውን ነው፤ እሱም ከጉልበታቸው ወርዶ አያውቅም።

ግቢው አሥራ አንድ ቤተሰብና አንድ የውኃ ቧንቧ ነበረው። በየደጁ አንድ ሙያ ተቀምጧል፤ ፍራሽ ሠሪ፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ጫማ ሰፊ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ። ወይዘሮ ልሞክረው ውኃ ሲላኩ ባልዲውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጠው አንዱ ደጅ ላይ ቁጭ ይሉና በዚያው ይቀራሉ። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ጎረቤት ይጮኻል፣ እናታቸውም «ይህቺ ልጅ ዓይኗ ሰው እጅ ላይ ተሰፍቶ ቀረ» እያሉ ይወጣሉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ገቡ። ከሃምሳ ሁለት ተማሪዎች አሥራ ሰባተኛ ወጡ። በቀጣዩ ዓመትም አሥራ ሰባተኛ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። አባታቸው የውጤት ወረቀቱን ተቀብለው «ልጄ ቁጥሯን አግኝታለች፤ አትረብሿት» አሉ። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ የዘጠኝ ወር የጽሕፈት ሥራ ሥልጠና ወሰዱ። በሃያ አንድ ዓመታቸውም አዲስ በተከፈተው የሕዝብ የሙያ ምክር አገልግሎት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ከዚያ ቤት የወጡት ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከፖስታ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ አራት ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል አሥራ አራት ወንበር ያለው የባለጉዳይ መጠበቂያ ነው። ከወንበሮቹ አንዱ ይወዛወዝ ስለ ነበር ዓይን አፋር ሰው ሁልጊዜ የሚደርሰው እሱ ነበር። ሁለተኛው የእጅ ቅልጥፍና የሚፈተንበት ሲሆን የእንጨት ቁርጥራጮች፣ ባለቀዳዳ ሰሌዳና አንድ የሩጫ ሰዓት ይገኙበታል። ሦስተኛው የምክር ክፍል ነው። አራተኛው ማኅደሩ፣ ማባዣ ማሽኑና የወይዘሮ ልሞክረው የጽሕፈት መኪና ተጨናንቀው የሚኖሩበት ጠባብ ክፍል ነበር።

በዚያ ቤት ሦስት ሰዎች አገኙ፤ ሦስቱም ዕድሜ ልካቸውን ዘመድ ሆነው ቀሩ። አንደኛው ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ የልጆቻቸውን ጉንፋን ሳይቀር በሰንጠረዥ ስለሚይዙ «ጋሼ ሰንጠረዥ» ይባሉ ነበር። ሁለተኛዋ ዋናዋ አማካሪ «እትዬ ቆይ» ናቸው። ባለጉዳይ ተናግሮ ሲጨርስ «ቆይ፣ ቆይ! አሁን ደግሞ ያላልከውን ንገረኝ» ስለሚሉ የወጣላቸው ስም ነው። በእሳቸውና በባለጉዳዩ መካከል ምንም እንዳይኖር ብለው ጠረጴዛውን ከክፍላቸው አስወጥተውት ነበር። ሦስተኛው የማባዣ ማሽኑ ባለሙያ ናቸው። ትምህርታቸውን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢያቋርጡም ጣታቸው ዘወትር በቀለም እንደ ተነከረ ስለሚውል «ቀለሜ» ተባሉ። አሁን ዱላቸውን ይዘው በመካከላችን ይገኛሉ፤ ዕድሜ ይስጥልን።

በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ለሥራ ፈላጊ የሚሰጠው የሙያ መግለጫ የሚባል ወረቀት ነበር። ጋሼ ሰንጠረዥ ከመጽሐፍ ይገለብጡታል፣ ወይዘሮ ልሞክረው ይተይቡታል፣ ቀለሜ ያባዙታል። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት «ልብስ ተኳሽ» የሚል መግለጫ ደረሳቸው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ልብስ ተኳሽ ማለት ልብስን የሚተኩስ ባለሙያ ነው» ይላል። ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሼ ሰንጠረዥ ከክፍላቸው ብቅ አሉ።

«ምን ያስቃል?»

«ምንም፣ ጋሼ። ሰውየው ጠመንጃ ይዞ ታየኝ።»

«ፍቺው ትክክል ነው። ከመጽሐፍ ነው የተወሰደው።»

«ትክክልማ ነው። ግን ስንት ሰዓት ይቆማል? እጁ ይቃጠላል? በጋ ይሻለዋል ክረምት? ይህን አንብቦ የገባ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በምን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ልሂድና ልሞክረው።»

ጋሼ ሰንጠረዥ አፍ ለማዘጋት ብለው «ሂጂ እንግዲህ! ሁለት ቀን ሰጥቼሻለሁ» አሉ። ወይዘሮ ልሞክረው ግን ኮታቸውን አንሥተው ሄዱ። ገበያው መግቢያ ላይ ያለ ላውንደሪ ገብተው ሁለት ቀን ሙሉ ተኮሱ። በሦስተኛው ቀን ግራ ክንዳቸው ላይ የጣት ስፋት ያለው ቃጠሎና አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ይዘው ተመለሱ። ጽሑፉ ዛሬም አለ፤ እንዲህ ይላል፦ «ካውያው ሲግል አይታይም፤ ይሸታል እንጂ። ሸሚዝ ከአንገቱ ይጀመራል፤ ከእጅጌው የጀመረ ሁለቴ ይደክማል። ቀኑን ሙሉ ትቆማለህ። በሦስተኛው ሰዓት እግርህን፣ በስድስተኛው ወገብህን ታውቀዋለህ። አሥራ ሁለት ሸሚዝ ተሰቅሎ ስታይ ግን ደስ ይላል፤ ደስ ማለቱን አልደብቅም።»

እትዬ ቆይ ወረቀቱን መጠበቂያው ውስጥ ለተቀመጠ አንድ ወጣት ሰጡት። ሁለት ጊዜ አነበበና «ይህ ለእኔ አይሆንም» አለ፤ ፊቱ ግን በርቶ ነበር። ጋሼ ሰንጠረዥ ይህን ከበሩ ሥር ቆመው አዩ። በማግሥቱ የሃያ ሙያ ዝርዝር የያዘ ሰንጠረዥ በታይፒስቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። «ወይዘሮ ልሞክረው» የሚለውን ስም ያወጡት ቀለሜ ናቸው። ያኔ ገና ወይዘሪት ነበሩ፤ ቀለሜ ማዕረጉን በነፃ ጨመሩላቸው።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ እንዘርዝር ብንል መሽቶ ይነጋል። ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ መቱ፣ መስታወት ቆረጡ፣ መንገድ ጠረጉ፣ በእንስሳት ሐኪም ቤት የጥጃ እግር ያዙ። ከንብ አናቢ ዘንድ ከንፈራቸውን ተነድፈው ሲመለሱ ሁለት ቀን መናገር ስላቃታቸው፣ ቀለሜ «ቢሯችን ዛሬ ምን ዓይነት ጸጥታ ወረደበት!» ብለው ሲያላግጡ፣ የጽሕፈት መኪናቸው ላይ በትልልቁ «ቆይ፣ ይለፍልኝ» ብለው መለሱላቸው። ከሁሉ የከበዳቸው የቱ እንደ ሆነ ሲጠየቁ ሳያመነቱ «መዋዕለ ሕፃናት» ይሉ ነበር። «ጣሪያው ላይ ቢያንስ ሚስማሩ አያለቅስም።»

እያንዳንዱ መግለጫ በአራት ጥያቄ ይከፈል ነበር። ምን ይሠራል? ቀኑ እንዴት ይውላል? የት ይማሩታል? ምን ይከብዳል? ሽፋኑ አረንጓዴ ስለ ነበር በከተማው «አረንጓዴው ወረቀት» በመባል ታወቀ። ስማቸው ግን በአንዱም ላይ የለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው ያለበት።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተራው የቀያሽ ሆነ። አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ቀጥ አድርገው ይዘው ቆሙ። ቀያሹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው ከሩቅ ሆነው በእጃቸው ግራ፣ ቀኝ ይላሉ። ወይዘሮ ልሞክረውም በመግለጫው ላይ «ቀያሽ ብዙ አይናገርም። ጨዋታ የሚወድ ሰው ቀኑ ይረዝምበታል» ብለው ጻፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀያሹ አረንጓዴውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው ይዘው መጡና የሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እርማት አለኝ» አሉ። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀያሽ ብዙ አይናገርም ይላል።»

«አልተናገሩማ! ከጠዋት እስከ ማታ ‹ግራ፣ ቀኝ፣ በቃ› ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ሁለት መቶ ሜትር ርቄ ምን ልበል? ቅርብ ብሆን ኖሮ እናገር ነበር።»

ይህን ብለው ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። እትዬ ቆይ ከምክር ክፍላቸው አንገታቸውን አውጥተው «ቆይ፣ ቆይ! አሁን ደግሞ ያላልከውን ንገራት» አሏቸው። ቀያሹ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በዓመቱ ተጋቡ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ ቀያሹ ቅርብ ሆነውም ብዙ አልተናገሩም፤ እርማቱም ሳይገባ ቀረ። ከትዳራቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በሁለቱም እርግዝና ወቅት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሙያ ብቻ እንዲመረጥላቸው ጋሼ ሰንጠረዥ ትእዛዝ አወጡ። የስልክ ኦፕሬተር፣ የመጽሐፍ ጠራዥና የቲኬት ቆራጭ መግለጫዎች የተጻፉት በዚያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የምናነበውን ወይዘሮ ልሞክረው በሕይወት ሳሉ በየአዲሱ ሠራተኛ ፊት ይናገሩት ነበር። ስለዚህ በዛሬው ቀን ብንደብቀው ይቆጡናል።

በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ሰማንያ ሰባተኛውን መግለጫ፣ የሰዓት ሠሪን ጻፉ። ቁም ሣጥን በምታህል አንዲት ሱቅ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ጎን ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሰውየው ሦስቱንም ቀን ፊታቸውን እንዳጨማደዱ ነበር። «ይህ ሥራ ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው» አሏቸው። «ማን ያሠራል ከእንግዲህ? ሰዉ ሲበላሽበት ይጥላል እንጂ!» ወይዘሮ ልሞክረውም አመኑ። «ምን ይከብዳል?» በሚለው ሥር «ይህ ሙያ እያለቀ ነው፤ ወጣት ባይገባበት ይመከራል» ብለው ጻፉ።

ከወር በኋላ አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣች። በባለቀዳዳው ሰሌዳ ስትፈተን በጣም ከመፍጠኗ የተነሣ ጋሼ ሰንጠረዥ የሩጫ ሰዓቱ የተበላሸ መስሏቸው ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሦስቱንም ጊዜ በቤቱ ታሪክ አንደኛ ሆነች። ምን መማር እንደምትፈልግ ስትጠየቅ «ሰዓት መሥራት» አለች። እትዬ ቆይ አረንጓዴውን ወረቀት ሰጧት። አነበበች፣ አጠፈች፣ አመስግና ሄደች። ወይዘሮ ልሞክረው በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ግድግዳ ቀለም እየቀቡ ስለ ነበር አላዩዋትም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ወይዘሮ ልሞክረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛን ለመሞከር አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ከአንዲት ዝምተኛ ወጣት ሴት ጋር ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲደረድሩ ዋሉ። በምሳ ሰዓት ሴትዮዋ የሥራ ባልደረባዋን የእጅ ሰዓት ከፍታ፣ በፀጉር ሽቦና በቅንድብ ወረንጦ ስታስተካክል ተመለከቱ። ሰዓቱ ወዲያው መሄድ ጀመረ።

«የት ተማርሽው?» ብለው ጠየቋት።

«አልተማርኩትም። ልማር ብዬ ድሮ የሙያ ምክር ቢሮ ሄጄ ነበር። ሙያው እያለቀ ነው የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ከሚያልቅ ነገር ጋር ማን ይጋባል ብዬ ተውኩት።»

ወይዘሮ ልሞክረው በዚያ ቀን እስከ ማታ ፋይል ደረደሩ። ቤታቸው ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ራት ቀረበ፣ አልነኩትም። ባለቤታቸው ጠየቋቸው፣ ነገሯቸው። ቀያሹም «እኛ ልኬት ሲዛባብን ወደ ተሳሳትንበት ነጥብ ተመልሰን ነው የምንጀምረው። ከመሐል አይጀመርም» አሉ። በሃምሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ከተናገሩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ልሞክረው በቀጥታ ወደ ሰዓት ሠሪው ሄዱ። ሱቂቱ እዚያው ናት። ከፊታቸው አራት ሰው ተሰልፎ ስለ ነበር ተራቸውን ጠበቁ። ሲደርሱም ያረጀውን አረንጓዴ ወረቀት መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ።

«ሥራው ከእኔ ጋር ይቀበራል ብለውኝ ነበር።»

«እኔ? መቼ?»

ሰውየው ማጉያውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ አነበቡት። ቀኑን አዩ፤ አገጫቸውንም ዳሰስ አደረጉ። «አሁን ገባኝ!» አሉ። «ያን ሳምንት መንጋጋ ጥርሴን አሞኝ ነበር። ዓርብ ነው የተነቀለልኝ። ልጄ፣ ያን ሳምንት ብትጠይቂኝ እንኳን ሙያው፣ ዓለምም ያልቃል ነበር የምልሽ።»

ወይዘሮ ልሞክረው በኋለኛው ዘመን ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አልሳቁም። ከዚያው ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደው ሴትዮዋን አስጠሩ።

«ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ከአንድ ሰው ሰምቼ ነው የጻፍኩት። ሰውየውም ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር።»

ሴትዮዋ የያዘችውን ፋይል ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ዘጠኝ ዓመቴ የሄደው በሰው ጥርስ ነው?»

«በሰው ጥርስና በእኔ ስንፍና።»

«ሙያውስ? አለቀ?»

«አላለቀም። ዛሬ አራት ሰው ተሰልፎ አየሁ።»

ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አሰበችበት። ቋሚ ሥራ አላት፣ የምትጦራቸው እናት አሏት፣ ዕድሜዋም ሃያ ስምንት ነው። በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ልሞክር ብላ ወሰነች። ወይዘሮ ልሞክረው ይዘዋት ሄዱ። አዛውንቱ «በሃያ ስምንት ዓመት ይጀመራል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ፤ እጇን እስኪያዩ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገብ ቤቱን ተሰናበተች። ከጊዜ በኋላም ሱቂቱን ተረከበች።

ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ ብንል እንዋሻለን። ወይዘሮ ልሞክረው ሰዓታቸውን ይዘው ሲሄዱ ሴትዮዋ «ዘጠኝ ዓመቴን አልረሳሁልሽም» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «አትርሺው፤ እኔም አልረሳሁትም» ይላሉ። ከዚያ ሰዓቱን ይቀባበላሉ። እኚህ እመቤት ዛሬ ሁለት ሠልጣኞቻቸውን ይዘው ሱቃቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ተገኝተዋል። ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል።

ወይዘሮ ልሞክረው ግን ነገሩን በአንድ ሰው ይቅርታ አላበቁትም። ጋሼ ሰንጠረዥ ዘንድ ገብተው እስከዚያ ቀን የጻፉትን ሁሉ እንደ ገና እንደሚሠሩት ተናገሩ።

«መቶ ስድሳ አራቱንም?» አሉ ጋሼ ሰንጠረዥ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ስንቱ ላይ ጥርስ እንዳለበት አላውቅማ።»

ጋሼ ሰንጠረዥ ተቆጡ፣ አይሆንም አሉ፣ ከበላይ አካል ምን እላለሁ ብለው ክፍሉን ሦስቴ ዞሩት። ከዚያ ቁጭ ብለው ሰንጠረዥ መሥራት ጀመሩ። ሥራው አራት ዓመት ፈጀ። ለአንድ ሙያ ሦስት ሰው፣ በሦስት የተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ወቅት መጠየቅ ሕግ ሆነ። «ይመከራል» የሚለው ቃልም ከሁሉም ወረቀት ላይ ተሰረዘ። አሥራ አንድ መግለጫዎች ስሕተት ሆነው ተገኙ፤ ሰባቱ ከልክ በላይ ያስፈሩ፣ አራቱ ከልክ በላይ ያማለሉ ነበሩ። በዚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ያልተጣራ ወሬ ሲመጣ «ይህ ነገር ጥርስ አለበት» ይባላል፤ ከየት እንደ መጣ የማያውቁት ወጣቶች ሳይቀሩ ይሉታል።

ልጆቻቸው ሲያድጉ ብዙ ሰው «እናንተማ ምን ቸገራችሁ፤ አማካሪው ቤታችሁ ነው» ይላቸው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሴት ልጃቸው በአሥራ ሰባት ዓመቷ «እማዬ፣ ምን ልሁን?» ስትላቸው «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ወረፋ ያዢ፤ እትዬ ቆይ ያነጋግሩሻል» አሏት። ልጅቷ ከማያውቋት ሰዎች ጋር መጠበቂያው ውስጥ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። ምክር ክፍል ውስጥ ምን እንዳለች እናትየው ጠይቀው አያውቁም፤ እትዬ ቆይም ነግረዋቸው አያውቁም። ዛሬ የታወቀች በያጅ ናት፤ የዚህ አዳራሽ በርና መስኮት የእጇ ሥራ ነው። ወንድ ልጃቸው ሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ሥራውን ለቆ ፀጉር ቤት ከፈተ። ለእናቱ ለመናገር ሲያመነታ እሳቸው ቀድመው ሰሙና ሱቁ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «አስተካክለኝ» አሉት፤ መቀሱን አንሥቶ አስተካከላቸው። በመስታወት ራሳቸውን አይተው «ከሒሳቡ ይሻላል» አሉ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ጡረታቸው ሲቃረብ ጋሼ ሰንጠረዥ አርፈው ነበር። በእሳቸው ቦታ የመጡት ወጣት ሥራ አስኪያጅ መግለጫዎቹን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ አንድ ጉድለት አገኙ፤ የሙያ አማካሪ የሚል መግለጫ የለም። ወይዘሮ ልሞክረው ደነገጡ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአጠገባቸው ያለውን ክፍል አልሞከሩትም። እትዬ ቆይ ያኔ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ነበሩ፤ ሁለቱ ከተመካከሩ በኋላ ግን ለአንድ ሳምንት ወደ ቢሮው ተመለሱ። እትዬ ቆይ ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ወይዘሮ ልሞክረው ባለጉዳይ ተቀበሉ። በመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ውስጥ ሰባት ሙያ ስለ ዘረዘሩ እትዬ ቆይ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። በአምስተኛው ቀን ዝም ማለት ቻሉ። የመጨረሻው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው መግለጫ ያ ነው። «ምን ይከብዳል?» ለሚለው እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ሰው በአንድ በር ገብቶ በዚያው በር ይወጣል። የት እንደ ደረሰ አትሰማም። ካልመጣ ወይ ተሳክቶለታል፣ ወይ ተቀይሞሃል። ሁለቱንም ችለህ ነገ ቢሮህን ትከፍታለህ።»

ከጡረታ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት በደስታ ኖሩ። ደስታቸው ጫጫታ አልነበረውም፤ ከባለቤታቸው ጋር በእግር መንሸራሸር፣ ከቀለሜ ጋር ዳማ መጫወት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ቁልፍ ማስፈታትና ማስገጠም ነበር። በመንገድ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሠራተኛ ካዩ ያለፉት ጊዜ የለም። ባለቤታቸው ነገሩን ስለሚያውቁት አንድ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገው ይጠብቃሉ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ወይዘሮ ልሞክረውም ስለ ሥራቸው በጥያቄ አላስቀመጧቸውም። ባለፈው ወር ግን «ይበቃኛል፤ ቤቴ ውሰዱኝ» አሉ። መስኮቱ አጠገብ አልጋ ተዘረጋላቸው። በየጠዋቱ ባለቤታቸው ከጋዜጣው ላይ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ያነቡላቸው ነበር። ያ ዝምተኛ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ በትዳራቸው ዘመን ካሉት ሁሉ የበለጠ ቃል ተናገሩ፤ ቃሉ ሁሉ «ሹፌር ይፈለጋል»፣ «መካኒክ ይፈለጋል» ነበር። ወይዘሮ ልሞክረው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና አስተያየት ይሰጣሉ። «የሥራ ሰዓቱን አልጻፉም።» «ለዚህ አምስት ዓመት ልምድ ምን ያደርጋል?»

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው «ልምድ ያላት ወይም የሌላት ልብስ ሰፊ፣ ጀማሪም ብትሆን እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ አነበቡ። ወይዘሮ ልሞክረው ፈገግ ብለው «ለዚህ ሰው አይጠፋም» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ባለቤታቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸው፣ ድምፃቸው ሲቋረጥ እንዳይነቁ ብለው ገጹን እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። ጋዜጣውን አጥፈው እጃቸውን ሲይዙ ነው ያወቁት።

ወይዘሮ ልሞክረው ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በመጡበት በር ወጥተው የሄዱ፣ ስማቸውን የማናውቅ እጅግ ብዙ ሰዎችን ትተውልን አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙልን ሐኪሞችና ነርሶች፣ ላልተለዩን ጎረቤቶችና ለሙያ ምክር አገልግሎቱ ሠራተኞች በሙሉ ቤተሰቡ ከልብ የመነጨ ምስጋና ያቀርባል።

የሁላችን ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍት ያለበትን ስፍራ ያዘጋጅላቸው። ለባለቤታቸው ጽናቱን፣ ለልጆቻቸው የእናታቸውን ትዕግሥት፣ ሥራ አጥቶ ለተቀመጠ ሁሉ ደግሞ እጁ የሚወደውን ሥራ ይስጥልን።

ቤተሰቦቻቸው